የጋራ ስልትና የግል እጅ፤ የጂዝ ቤንድ ሴቶች ድሪቶ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ድሪቶ የሚለው ቃል በአማርኛ ክብር ያለው ቃል አይደለም። በቁራጭ ላይ ቁራጭ እየተደረተ የሚለበስ የድኻ ልብስ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በአሜሪካ፣ በአላባማ ክፍለ ግዛት፣ ጂዝ ቤንድ በምትባል መንደር ጥቁር ሴቶች ለሚሠሩት የአልጋ ልብስ ከዚህ የቀረበ ስም አይገኝም። እርሱም ከድኽነት የተወለደ ነው፤ ዛሬ ግን በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። በዚህ መካከል አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስልቱ የመንደር ሁሉ፣ ሥራው ግን የአንዲት ሴት ሲሆን፣ ገበያ በመጣ ጊዜ ባለቤቱ ማን ሊባል ነው?

ጂዝ ቤንድ የአላባማ ወንዝ በሦስት ወገን የሚከብባት መሬት ናት። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ፔትዌይ የሚል የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ይህም አያቶቻቸውን በባርነት ይገዛ የነበረው ባለ እርሻ ስም ነው። በ1932 አበዳሪያቸው የነበረ ነጋዴ ሞቶ መበለቲቱ ዕዳውን ስትጠይቅ፣ እህላቸው፣ ከብታቸውና የእርሻ መሣሪያቸው ሳይቀር ተወሰደባቸው። በ1962 ደግሞ ወደ ካምደን ከተማ የሚያሻግረው ጀልባ ቆመ። ነዋሪዎቹ ጀልባው የቆመው ተሻግረው ለመራጭነት እንዳይመዘገቡ ነው ይላሉ፤ አገልግሎቱም እስከ 2006 ድረስ አልተመለሰም። በዚያው በ1960ዎቹ የሚለርስ ፌሪ ግድብ ሲሠራ ለም መሬታቸው በውሃ ተዋጠ። ግድቡ የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል፤ ሒሳቡ ሲወራረድ ግን ያ እርሻ በወጪ በኩል ሊጻፍ እንደሚገባው መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ቦታ ቢነገር ነውር የለውም።

ድሪቶው ሦስት ንብርብር አለው። ላይኛው ከቁራጭ ጨርቅ የተገጣጠመው ፊቱ ነው፤ መካከሉ ባዘቶ፣ ታችኛው ገበር ነው። ለገበር የዱቄትና የማዳበሪያ ጆንያ ሳይቀር ታጥቦ ይውል ነበር። ሦስቱን አንድ የሚያደርገው ከላይ እስከ ታች ዘልቆ የሚያልፈው ስፌት ሲሆን፣ መስመሮቹ ከተራራቁ ባዘቶው በእጥበት ጊዜ ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል። ጥጡ ከለቀማ በኋላ በማሳ የቀረ ቅሬታ ነበር። የኢትዮጵያ ፈታዮች ጥጥን በደጋን እንደሚነድፉት ሁሉ፣ የጂዝ ቤንድ ሴቶች መሬት ላይ አፍስሰው በበትር እየመቱ ያፍታቱት ነበር። ነፋስ በሚያስገባ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ልጆችን ከብርድ የሚያድን ሌላ ነገር ስላልነበረ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል። አርጅቶ ከጥቅም ሲወጣም ለትንኝ ማባረሪያ ጭስ ይሆናል።

ከስልቶቹ ሁሉ የታወቀው «የቤት ጣሪያ» የሚባለው ነው። ሠሪዋ አንዲት ቁራጭ ከመካከል ታስቀምጥና በዙሪያዋ ረጃጅም ቅዳጅ እየገጠመች፣ ካሬ በካሬ ላይ እየጨመረች ወደ ውጭ ትሄዳለች። ንድፍ በወረቀት አይወጣም፤ መለኪያውም ብዙውን ጊዜ ዓይን ነው። ከመካከል የተነሣች የአንድ ጣት ስሕተት ጠርዝ ላይ ስትደርስ ሰፍታ ትገኛለች። መሐንዲስ ቢሆን አፍርሶ እንደገና ይጀምር ነበር፤ በጂዝ ቤንድ ግን ስሕተቱን የሚያቃና ሌላ ቅዳጅ፣ ሰፋ ወይም ጠበብ ተደርጎ፣ ይገጠምበታል። በዚህም የተነሣ ካሬው ይንጋደዳል፣ ቀለሙም ባልተጠበቀ ቦታ ይሰበራል። ተመልካቹን የሚይዘው ይኸው ነው።

ጨርቁ ራሱ ታሪክ ይዞ ይመጣል። ወይዘሮ ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 ባላቸው ከሞቱ በኋላ የሥራ ልብሳቸውን ቀድደው ድሪቶ ሠሩ። ሐሳባቸው ሟቹን ለማስታወስና በፍቅር ከሥሩ ለመተኛት እንደነበረ ልጃቸው አርሎንዚያ በኋላ ተናግረዋል። በዚያ ሥራ ላይ ጌጥ የሚባል የለም፤ ፀሐይና እጥበት ያነጡት ሱሪና ሸሚዝ ብቻ ነው። ዛሬ በዋሽንግተን በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ፊቱን መግጠም የአንዲት ሴት የብቻ ሥራ ነው። ሦስቱን ንብርብር መስፋት ግን ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እየዘመረ የሚሠራው ነው። ዕውቀቱ የሚተላለፍበት ሌላም መንገድ አለ፤ ብርዱ ሲያልፍ ድሪቶው ሁሉ ወጥቶ በአጥርና በገመድ ላይ ይሰጣል። በመንገድ የምታልፍ ሴት የጎረቤቷን ሥራ አይታ፣ በልቧ ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች። የምትሠራው ግን ያንኑ አይሆንም፤ ያላት ጨርቅ ሌላ ነውና። ስልቱን መውሰድ ስርቆት ሆኖ አይቆጠርም፤ እንዳለ መገልበጥ ግን ከአንዲት ብርቱ ሠሪ የሚጠበቅ አይደለም። ያልተጻፈ ሕግ ቢሆንም ከብዙ የተጻፈ ሕግ በተሻለ ሁኔታ ሠርቷል።

ገበያው ሲመጣ ይህ ሚዛን ተናጋ። በ1966 ፍራንሲስ ዋልተር በተባሉ ቄስ አነሳሽነት የአካባቢው ሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሥራቸውም በኒው ዮርክ ተሸጠ። ጥቅሙ አያጠያይቅም፤ ብዙዎቹ በእጃቸው ሥራ የራሳቸውን ገንዘብ አገኙ። ትልልቅ መደብሮች የፈለጉት ግን ልኩ፣ ቀለሙና ስፌቱ አንድ ዓይነት የሆነ ዕቃ ነበር። በ1972 ሲርስ ከተባለው ኩባንያ ጋር የኮርዱሮይ ጨርቅ የትራስ ልብስ ለመስፋት ውል ተደረገ፤ ቀን ቀን ሴቶቹ በልክ የተቆረጠ ዕቃ ይሰፉ ነበር። ፍርፋሪው ግን ወደየቤታቸው ሄደ። በዚያው ዘመን ከዚያው ኮርዱሮይ ለየአልጋቸው የሠሩት ድሪቶ ከመንደሪቱ ሥራዎች ሁሉ በጣም ደፋር ከሚባሉት ይመደባል። ውሉ የከለከለውን ቅሪቱ ፈቅዷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ገበያ የሙዚየም ነበር። ዊልያም አርኔት የተባሉ ሰብሳቢ ከመንደሪቱ ብዙ ድሪቶ ገዙ፤ በ2002 ሥራዎቹ በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ታዩ። በ2006 አሥሩ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ታተሙ። የመጀመሪያው ገበያ ከሠሪዋ አንድ ዓይነትነትን ፈልጎ ነበር፤ ይኸኛው ልዩነቷንና ስሟን ፈለገ። ስም ሲመጣም ሒሳብ መጣ። የቅርጾቹ ምስል ለሌላ ሸቀጥ ማስጌጫ ሲውል ድርሻው ለማን እንደሚገባ ጠብ ተነሣ፤ በ2007 ከሠሪዎቹ ሦስቱ ለፍርድ ቤት አቤት አሉ፤ ክርክሩ በ2008 ተቋጨ። በአጥር ላይ ተሰጥቶ ለማንም የሚታይ የነበረው ሥራ በጠበቃ እጅ ገባ። ሴቶቹ ለምን ከሰሱ ብሎ መውቀስ አይቻልም፤ ያልተጻፈው ሕግ የሚሠራው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነበር። የሩቁ ገዢ ከዚያ ዝምድና ውጪ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በ2012 ተዘጋ፤ ከ2021 ወዲህ ግን አንዳንዶቹ ሠሪዎች ሥራቸውን በኢንተርኔት ገበያ በየስማቸው መሸጥ ጀምረዋል።

በ2022 ድሪቶን ለነፋስ የማውጣት የጥንቱ ልማድ በኦክቶበር ወር የሚከበር በዓል ሆነ። ከሩቅ የመጡ እንግዶች በተዘረጋው ገመድ መካከል እየተዘዋወሩ ከሠሪዋ እጅ ይገዛሉ፤ ከጎረቤት ቤት የመጣች ሴትም ከአንዱ ፊት ቆማ የመዓዘኑን አገጣጠም ትመለከታለች።