ድንጋይ እንዴት ዓምድ ይሆናል?

(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በሰሜን አየርላንድ የባሕር ዳርቻ፣ «ጃይንትስ ኮዝዌይ» በሚባለው ስፍራ፣ 40,000 ያህል የጥቁር ድንጋይ ዓምዶች ጎን ለጎን ቆመዋል። የአገሩ ተረት አንድ ግዙፍ ሰው ወደ ስኮትላንድ ለመሻገር የደረደራቸው ናቸው ይላል። በ18ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ሊቃውንትም መካከል ይህ ዓይነቱ ድንጋይ ከባሕር ውሃ የረጋ ነው የሚሉ ነበሩ። ፈረንሳዊው ኒኮላ ዴማሬ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1763 ዓ.ም. በኦቨርኝ አውራጃ ተመሳሳይ ዓምዶችን አይቶ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሱ መሆናቸውን ተረዳ።

እኛ ስንጠየቅ «ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ባለ ስድስት ጎን ይሆናል» እንላለን። መኮማተሩ እውነት ነው፤ «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ግን ምንም አታስረዳም። በበጋ የሚሰነጠቀው የዋልካ መሬትም ይኮማተራል፤ ነገር ግን አዲሱ ስንጥቅ የቀድሞውን የሚገጥመው አብዛኛውን ጊዜ በ90 ዲግሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፈሰሰው ድንጋይ የሚቀዘቅዘው ከላይ በአየሩ፣ ከታች በመሬቱ በኩል ነው። የቀዘቀዘው ገጽ ሊኮማተር ሲል ከሥሩ ያለው ትኩስ ድንጋይ ይዞ አይለቀውም። ስለዚህ ወደ ጎን ይወጠራል፤ ውጥረቱ ከድንጋዩ ጥንካሬ ሲበልጥ ይሰነጠቃል። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ከአይስላንድ በመጣ ባዛልት ፈትነው፣ ይህ የሚሆነው ከ840 እስከ 890 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መሆኑን አሳይተዋል፤ ይኸውም ድንጋዩ ረግቶ ገና ፍም ሳለ ማለት ነው።

ስንጥቁ ባንድ ጊዜ አይወርድም። ቅዝቃዜው በጠለቀ ቍጥር ጥቂት ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይወርዳል፤ የየእርምጃውም ምልክት በዓምዱ ጎን ላይ እንደ ሰንበር ተጋድሞ ይታያል። በየእርምጃው ስንጥቆቹ የሚገናኙበት ቦታ ጥቂት ጥቂት እየታረመ፣ ከላይ 90 ዲግሪ የነበረው ማዕዘን ወደ 120 ይጠጋል። ሦስት ሦስት ስንጥቅ በየመገናኛው ሲገጥም የጎኑ ቍጥር በአማካይ ስድስት ይሆናል። በአማካይ ማለቴን ልብ በሉ፤ በአየርላንድ እንኳ ባለ ስድስት ጎኑ ግማሽ ያህል ነው፤ የቀረው ባለ አምስት፣ ባለ ሰባትና ሌላም ነው።

እኔን ከጎኑ ቍጥር ይልቅ የሚያስገርመኝ ውፍረቱ ነው። ፈጥኖ የቀዘቀዘ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ወፍራም ዓምድ ይሆናል። ተጋድሞ የሚታይ ዓምድም፣ መሬቱ ኋላ ካልተገለበጠ በቀር፣ ቅዝቃዜው ከጎን የመጣ መሆኑን ይናገራል። የአገራችንን ሰሜናዊ ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ስለ ሆነ፣ በየገደሉ እንዲህ ያለ ዓምድ የሚያገኝ ተማሪ ሜትር ይዞ ቢወርድ የሚለካው አያጣም።

መሣሪያ የለንም የሚል ቢኖር፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጎሪንግና ሞሪስ በ2005 ስላሳተሙት ሥራ ልንገረው። የበቆሎ ስታርች በውሃ በጥብጠው በአምፑል አደረቁት፤ የሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው እነዚያኑ ዓምዶች አገኙ። እዚህ የሙቀቱን ቦታ የያዘው ውሃው ነው። ብርጭቆ፣ ስታርች፣ አምፑልና የጥቂት ቀናት ትዕግሥት ይበቃል። የሚሞክር ሰው ከላይ የሚታየውን ትልልቅ ስንጥቅ አይቶ ተስፋ አይቍረጥ፤ ቅርፊቱን ሰብሮ ከሥሩ ይመልከት።