በእህል በረንዳና በኮምፒዩተር ስለ መፈለግ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ የተነገረ)



ሽምደዳ በእኛ ዘንድ የተናቀ ቃል ነው፤ የሚያስብ ተማሪ አይሸመድድም ይባላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥናት ውስጥ ግን በሚገባ የተያዘ ነገር ብዙ የማሰብ ድካም እንደሚያስቀር ታይቷል። ይህን ለማስረዳት ከመርካቶ እንነሣለን።

ከጎጃም ጤፍ ጭኖ እህል በረንዳ የደረሰ ነጋዴ ገዢ ይፈልጋል። ከመጋዘን መጋዘን ቢዞር ይመሽበታል፤ የመኪናውም ኪራይ ይቆጥርበታል። ስለዚህ ደላላ ይይዛል። ደላላው ማን ነጭ፥ ማን ሠርገኛ እንደሚሻ፥ የማንስ ቃል እንደሚታመን በልቡ አለው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ጥናታቸው የእህል ደላላን ጥቅም የመዘኑት በዚሁ በፍለጋ ወጪ ነው።

ወደ ኮምፒዩተሩ እንምጣ። የሩቢክ ኩብ የተባለው ባለ ስድስት ቀለም መጫወቻ 43,252,003,274,489,856,000 አቀማመጥ አለው፤ ይህን አንድ በአንድ እንፈትሽ ማለት ዘበት ነው። ካልበርሰንና ሼፈር የተባሉ የካናዳ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1996 ለባለ 15 ቁጥር ተንሸራታች ጨዋታ ያወጡትን ዘዴ፥ አሜሪካዊው ሪቻርድ ኮርፍ በ1997 ለኩቡ አዋለው። የዘዴው አንዱ ክፍል ጠርዞቹን ረስቶ 8ቱን ማዕዘኖች ብቻ መመልከት ነው። የማዕዘኖቹ አቀማመጥ 88,179,840 ብቻ ነው። ፍለጋው ሳይጀመር ማሽኑ ከተፈታው ኩብ ወደ ኋላ እየተጓዘ፥ እያንዳንዱ አቀማመጥ ከግቡ በስንት ማዞር እንደሚርቅ በመዝገብ ያሰፍራል። በኋላ በፍለጋ ላይ ሳለ አያሰላም፤ መዝገቡን ይገልጣል። ከ18 ማዞር አላልፍም ብሎ ተነሥቶ 10 ከሄደ በኋላ መዝገቡ «ቢያንስ 9 ይቀራል» ካለው፥ ያን መንገድ ከነቅርንጫፉ ይተወዋል።

«ቢያንስ» የምትለዋን ልብ በሉልን፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሷ ናት። ማዕዘኖቹን ብቻ ማስተካከል ሙሉውን ኩብ ከማስተካከል የበለጠ ማዞር ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ መዝገቡ ርቀቱን ያሳንስ ይሆናል እንጂ አያጋንንም፤ በማያጋንን ግምት የሚመራ ፍለጋም አጭሩ መፍትሔ አያመልጠውም። ኮርፍ እንዲያው በዘፈቀደ የተዘበራረቁ 10 ኩቦችን በአጭሩ መንገድ የፈታው በዚህ ነው።

ደላላው እንዲህ ያለ ዋስትና አይሰጥም። ሊያጋንን ይችላል፤ የድለላው ገንዘብ እንዲያጋንን ይመክረዋልና። በሌላ በኩል ግን ማሽኑን ይበልጠዋል። የኩቡ መዝገብ የሚያገለግለው ለአንድ ግብ ነው፤ ግቡ ከተለወጠ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። በእህል በረንዳ ግን ግቡ በየማለዳው ይለወጣል፤ ዝናብ ይዘንባል፥ መንገድ ይዘጋል፥ ትናንት ሲገዛ የዋለው ዛሬ መጋዘኑ ሞልቷል። ደላላው በስልኩ እየጠየቀ በልቡ ያለውን ይሰርዛል፥ ይጽፋል።

ከመካከላችን ደላላውን በፕሮግራም እንተካዋለን የሚሉ አሉ። እኛም የምንጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ሌሊት ተሰልቶ ቢያድር ጠዋት የማይሻረው የትኛው ነው? ከየአውራጃው እስከ መርካቶ ያለው የመንገድ ርቀትና የየመጋዘኑ ስፋት ሊመዘገብ ይችላል። የገዢውን የዛሬ ፍላጎት ግን ሰው ደውሎ መጠየቅ ይኖርበታል።