ሁለት ዓይነት ካርድ
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር አውሪን» ሲሉኝ ስለ ሕፃናት የሳንባ ምች የምናገር መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ስለ ምርጫ ቅስቀሳ ላወራ ነው የመጣሁት። አትደንግጡ፣ እገሌን ምረጡ አልልም።

ነገሩ የጀመረው ካርድ ክፍል ነው። ድምፅ መስጫው ጥቂት ቀን ሲቀረው አንዲት እናት ከበየዳ የልጅ ልጃቸውን አዝለው እሠራበት ወደነበረው ሆስፒታል መጡ። እኔ የጠፋ ፋይል ፍለጋ ካርድ ክፍል ገብቼ ቆሜ ነበር። የመቀነታቸውን ጫፍ ፈቱና ሁለት ነገር አወጡ፤ የጤና መድን ደብተራቸውንና የምርጫ ካርዳቸውን። ሠራተኛው ደብተሩን ተቀብሎ «እማማ፣ ይሄኛው ለዚህ አይደለም» ብሎ የምርጫ ካርዱን መለሰላቸው። አልያዙትም። «እየው እንጂ ልጄ፣ መመዝገቤን እይልኝ» አሉት።

በኋላ ልጁን እኔ አየሁት። ሁለት ዓመት ተኩል ይሆነዋል። ፊቱ ሞላ ብሎ የጠገበ ይመስላል። እግሩን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለነው ይህን መተርጎም አያስፈልግም። አስተኛነው፣ ወተቱን ጀመርንለት። ሴትዮዋን ግን አንድ ነገር ሳልጠይቃቸው ማለፍ አልቻልኩም፦ «እናቴ፣ የምርጫ ካርድ ይዘሽ ካልመጣሽ አትታከሚም ያለዎት ማነው?» ድንጋጤዬ አንቱታውን ሁሉ አደበላልቆብኝ ነበር። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም።

«ማን ይነግረኛል? ይታወቃል እንጂ።»

«ይታወቃል እንጂ» የምትለው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ስለ ፖለቲካ ማስታወቂያ ስናስብ ፖስተር፣ በድምፅ ማጉያ የምትጮህ መኪና፣ ቲሸርትና ኮፍያ ይታየናል። ያ ለከተማ ሰው ነው። ለደሃው የሚሠራው ማስታወቂያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዝርዝር ነው። በሴፍቲኔት የሚታቀፈውን የሚለየው ቀበሌ ነው። መዋጮው በመንግሥት የሚከፈልለትን «የደሃ ደሃ» የሚለየውም ቀበሌ ነው። የማዳበሪያው ምዝገባ በዚያው በኩል ያልፋል። ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ቤት ለቤት የሚቀሰቅሰው ብዙ ጊዜ ያው መዝገቡን የያዘ ሰው ነው። ይህ ሰው አንዳች ማስፈራሪያ መናገር አይጠበቅበትም። በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት አደራችሁ» ቢል ይበቃል።

ወሩንም አስቡት። ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ግንቦት 16 ቀን 2007፣ ሰኔ 14 ቀን 2013። አራቱም አገር አቀፍ ምርጫዎች የዋሉት ጃናሞራና በየዳ ጎተራው ሲራቆት፣ ክረምቱም በር ላይ ሲደርስ ነው። የእኛም የምግብ እጥረት ክፍል አልጋ መሙላት የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። የቀን መቁጠሪያውን ሆን ብሎ ያወጣው አለ አልልም። ግን የተራበ ሰው «ያበላሃል» ሲባል የሚሰማበት ጆሮ የጠገበ ሰው ጆሮ አይደለም።

ለደሃ ቃል መግባት ራሱ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ አብዛኞቹ ማረሻ ጨብጠው አያውቁም ነበር። ሆኖም ያ መፈክር ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ አዋጅ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣውን መከራ ሁሉ ሳልረሳ ነው ይህን የምለው፤ ጭሰኛው ጭሰኛ መሆኑ ቀርቷል። አቶ መለስ ዜናዊም በሥልጣናቸው መጀመሪያ ዓመታት ሕዝቡ በቀን ሦስት ጊዜ ሲበላ ማየት ምኞታቸው እንደሆነ ተናግረው ነበር። እኔ በሙያዬ ይህን ቃል አልንቀውም። እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «በቀን ስንት ጊዜ ይበላል?» ብዬ ነውና። የሚለካ ቃል ነው። በየጊዜው ሊጠየቁበት ይቻላል።

ሰው ሲጠይቅ ያየሁት ደግሞ በ1997 ነው። እኛ ያኔ ለቲቲፒ ዳባት ወርደን ነበር። (ቲቲፒን ያላለፈ የጎንደር ምሩቅ የለም፤ የፍራሹን ቁንጫ የረሳ ካለ እጁን ያውጣ።) የፓርቲዎቹ ክርክር በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ማታ ማታ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት ገበሬው ሬዲዮ ከቦ ይቀመጣል። ኢሕአዴግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቀጥል፣ ካልሆነ ገበሬው ሸጦ ይፈናቀላል ይላል፤ ቅንጅት የባለቤትነት መብት ለገበሬው ይሰጠው ይላል። አንድ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን በጥሞና ሰሙና ወደ እኛ ዞረው፣ «የማዳበሪያ ዕዳውን ምን አሉት?» አሉ። እኛ የተማርነው መልስ አልነበረንም። ግን ልብ በሉ፤ እኚያ ሰው ተለማኝ ነበሩ። ሁለት ወገን ድምፃቸውን ይፈልጋል፣ እሳቸውም ዋጋ ይጠይቃሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበር 545ቱን ያዙ፤ በ2007 ሁሉንም። በ2003 መጀመሪያ ላይ ሂዩማን ራይትስ ዎች የእርዳታ እህልና ሴፍቲኔት ለፖለቲካ ታማኝነት መያዣ ሆነዋል የሚል ሪፖርት አወጣ፤ መንግሥት አስተባበለ። በ2013 ንቧ ሄዳ የብልፅግና አምፖል መጣ፤ በኩራዝ የሚያመሽ መንደር ግድግዳ ላይ የአምፖል ሥዕል ተለጥፎ አይቼ ፈገግ ብያለሁ። አዲሱ የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162፣ ድምፅ መስጫው አራት ቀን ሲቀረው ቅስቀሳ እንዲቆም ያዛል። መኪናዋ ዝም ትላለች። ዝርዝሩ ግን ዝም አይልም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሌላውን ብቻ ከስሼ ልወርድ አልፈልግም።

በአንድ የምርጫ ዓመት፣ እነዚያ እናት ከመምጣታቸው በፊት፣ ነፃ ሕክምና ተዘጋጅቶ እኔም ተጠራሁ። በደስታ ሄድኩ። ጠረጴዛዬ ጋ ስደርስ ከወንበሬ በስተጀርባ የአንድ ዕጩ ፎቶ ያለበት ባነር ተሰቅሏል። አንሱልኝ አላልኩም። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ መድኃኒቱ እውነተኛ መድኃኒት ነበር፤ አንድ የልብ ሕመም ያለባትን ልጅ ያገኘሁትም እዚያ ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ፎቶ ሥር ሆኜ አከምኩ። ነጭ ጋውኔ የማስታወቂያው ክፍል ነበር፤ ለዚያውም ከሁሉ የሚታመነው ክፍል። «ይታወቃል እንጂ» ሲሉኝ ያፈርኩት ስለዚህ ነው። ከሚታወቅበት መንገድ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሜክሲኮ ውስጥ ለድሆች በሚሰጥ ድጎማ ወረቀት ላይ በሕግ ግዴታ የሚታተም አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ይህ ፕሮግራም የሕዝብ ነው፣ ከየትኛውም ፓርቲ ጋር ግንኙነት የለውም የሚል። ማጭበርበርን አላጠፋውም። ቢያንስ ግን ተቀባዩ በእጁ የያዘው ወረቀት ከቀበሌው ሹም ጋር ይከራከርለታል። የእኛ መድን ደብተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢጻፍ ምን ይከፋል? እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። በዚህ ማኅበር ስም ነፃ ሕክምና ሲዘጋጅ የማንም ፓርቲ ባነር፣ የማንም ዕጩ ፎቶ እንዳይሰቀል ዛሬ እንስማማ። መምህራንም ተማሪዎቹን ለቲቲፒ ስትልኩ ይህን ንገሯቸው። ይህ ትምህርት ቤት ደምቢያ በወባ ካለቀ በኋላ ሐኪም ወደ ገበሬው ደጅ እንዲሄድ ተብሎ የተከፈተ ነው። ስንሄድ ማንን ይዘን እንደምንሄድ መጠንቀቅ አለብን።

እኔ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ትንሽ ነው። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ «ለሕክምና የምርጫ ካርድ አያስፈልግም» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። አንድ ኃላፊ «ይሄ ፖለቲካ ነው፣ አንሺው» አለኝ። አላነሳሁትም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። ችግሩ ሰልፈኛው አብዛኛው ማንበብ አይችልም። ይህን ያየው ጥበቃችን ነው። ማንም ሳያዘው ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍት፣ «የመድን ደብተር ብቻ! የምርጫ ካርድ እዚህ አይሠራም!» እያለ መጮህ ጀመረ። ሰዎቹ ይሰሙታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዳንዶቹ ግን የምርጫ ካርዳቸውን ከደብተሩ ሥር ደብቀው ይዘው ይገባሉ።