ቢጫው መብራት ሳይጠፋ እንመዝግበው
(በኮሙኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ ዛሬ የምንናገረው ምሁራን ሆነን አይደለም። በአንድ መንገድ ዳር ሱቅ ያለን ጥቂት ነጋዴዎች ነን፤ ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን በዚህ አገር ሙቀት የተነሳ ቀትር ላይ ዘግተን አመሻሽ ላይ የምንከፍት ስለሆንን፣ ከሥራ ዘመናችን ብዙውን ያሳለፍነው በመንገድ መብራት ሥር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ የምናውቀውን እንናገር፤ ስለ ቢጫው ፓውዛ።

ከመካከላችሁ በዕድሜ ገፋ ያላችሁት ታስታውሱታላችሁ። ሞባይል ባልነበረበት ጊዜ ከድሬዳዋ በባቡር ለሚመጣ ዘመድ የምንነግረው አድራሻ «ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ቢጫ መብራት ሥር ቁም» የሚል ነበር። ቤት ውስጥ ሙቀቱ ሲጠና ልጆቻችን ደብተራቸውን ይዘው የሚያጠኑት እዚያ ነበር። ኮሙኒቲያችንም አዳራሽ ባልነበረው ዘመን የመጀመሪያው መዋጮ የተሰበሰበውና መዝገቡ የተፈረመው በዚያው መብራት ሥር በተዘረጋች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከፈረሙት አባቶች መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ይህ መብራት የሚሠራው በሶዲየም ነው። ሶዲየም በምንበላው ጨው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው፤ የአሳል ሐይቅ አገር ለሆነችው ጅቡቲ ጨው እንግዳ አይደለም። ዝቅተኛ ግፊት ያለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1932 በሆላንድ አንድ መንገድ ላይ ተተከለ። የእኛ መንገድ ፓውዛ ግን ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ከፍተኛ ግፊት ያለው ዓይነት ነው። ሲበራ መጀመሪያ ደብዘዝ ይላል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ወርቃማ ይሆናል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ወዲያው አይበራም፤ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ሲያረጅ ደግሞ ይበራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል። ልጆች «ጂኒ ሰፍሮበታል» ይሉ ነበር። ነገሩ ግን አምፖሉ ባረጀ ቁጥር የሚፈልገው ቮልቴጅ ከፍ እያለ ስለሚሄድና ባላስቱ ሊሰጠው ስለማይችል ነው።

ቢጫው መብራት ቀለምም ያሳስታል። አንድ ምሽት የሱቃችን ፍሎረሰንት ተቃጥሎ ሳለ አንዲት እህታችን ለሐዘን ጥቁር ጨርቅ ልትገዛ መጣች። ጨርቁን ደጅ አውጥተን በፓውዛው ብርሃን አየነው፤ ጥቁር ነው ብለን ቆርጠን ሰጠናት። ጠዋት ስታየው ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ለቅሶ ቤት እያለች ጨርቁን ይዛ ስትመለስ ያየነውን ፊቷን እስከ ዛሬ አንረሳም። ይቅርታ ጠይቀን ቀየርንላት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መብራት ቀለም አንሸጥም።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። ድሮ የጅቡቲ መብራት የሚመጣው ነዳጅ ከሚያቃጥለው የቡላኦስ ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በድሬዳዋ በኩል የመጣው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ሥራ ሲጀምር የአገራችን ወንዞች ኃይል እዚህ ደረሰ። ያን ሰሞን ከመካከላችን አንዱ ፓውዛውን ቀና ብሎ አይቶ «አንተም የአገር ልጅ ሆንክ» ሲለው ሁላችንም ሳቅን፤ አንዳንዶቻችን ግን ዓይናችንን ጠረግን። በ2023 ደግሞ የጉቤት የነፋስ ኃይል ማመንጫ 60 ሜጋ ዋት ይዞ ተጨምሯል።

አሁን ግን ቢጫው መብራት በነጭ ኤልኢዲ እየተተካ ነው። ባለፈው ክረምት ከሱቃችን ማዕዘን እስከ መስጊዱ ድረስ ቆጠርን፦ 14 ምሰሶ አለ። 6ቱ ነጭ ሆነዋል፤ 5ቱ ቢጫ ያበራሉ፤ 3ቱ ቆመዋል እንጂ አይበሩም።

ይቀመጥ ብለን አንከራከርም። የባሕሩ ጨው የምሰሶዎቹን እግር በልቶታል። የአንዱ የታች መዝጊያ ወልቆ ሽቦው ተጋልጦ ነበር፤ ዝናብ በጣለ ማግስት የመንገዳችን አንድ ሕፃን ነክቶት ነዝሮ ጣለው። ፈጣሪ ይመስገን ተረፈ። እናቱ «ለትዝታችሁ ስትሉ ልጄን ልትገድሉብኝ ነው?» ስትለን መልስ አልነበረንም። ነጩ መብራት ያነሰ ኃይል ይፈጃል፤ ቀለምም በደንብ ያሳያል። እንግዲህ መብራቱ ይለወጥ፤ ታሪኩ ግን ይመዝገብ።

ስለዚህ ልጆቻችንን የምንጠይቀው ይህንን ነው። አንድ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ምሰሶ ቁጥሩን፣ ያለበትን ቦታ፣ መብራቱ ቢጫ ወይም ነጭ መሆኑን ጻፉ። አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሲመሽ፣ ገና ሲበራ ፎቶ አንሱ። ከዚያም በአካባቢው ያሉትን አዛውንቶች «እዚህ ሥር ምን ይደረግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዋናው እሱ ነው። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች፣ አፋሮችና የመኖችም የሚያወሩት አላቸውና አትለፏቸው። ምሰሶውን ግን አትንኩ። የወደቀ አምፖል ብታገኙ ውስጡ ሜርኩሪ ስላለበት አትስበሩት። በወደብና በጦር ሠፈር አካባቢም ካሜራ አታውጡ፤ እኛ በሰው አገር የምንኖር እንግዶች መሆናችንን አንርሳ።

ወላጆችም በየቤታችሁ አልበም ውስጥ ከኋላው ያ ፓውዛ የሚታይበት የሠርግ ወይም የልደት ፎቶ ካለ ለኮሙኒቲያችን ጽሕፈት ቤት አምጡልን፤ ቅጂ አስቀርተን እንመልሳለን። እኛም የመጀመሪያውን ገጽ ጀምረናል። በገጹ ላይ ያለው ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ነው፤ ከሥሩም መዝገቡን የፈረሙት አባቶች ስም ሠፍሯል። ምሰሶው ይነሣል ተብሎ በቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ዛሬ ማታ ከበዓሉ ስትመለሱ በዚያ በኩል እለፉ፤ ለልጆቻችሁም አሳዩአቸው።

ለኮሙኒቲያችን ረጅም ዕድሜ፣ ለተቀበለችን ለጅቡቲም ሰላም እንመኛለን።