ዘፈን በቴአትር ውስጥ ምን ይሠራል?

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)




ባለፈው ስብሰባችን የቴአትር ክፍላችን ለዓመቱ መዝጊያ ስለሚያዘጋጀው ተውኔት ስንነጋገር «ዘፈን ይግባበት» ያልነው ጥቂቶች ብቻ ነበርን። የቀረው ወገን የሰጠን መልስ አጭር ነው፤ «ቴአትር ቁም ነገር ነው፤ ዘፈን ለሠርግ ቤት ይቆየን» የሚል። ክርክሩ ሳያልቅ ሰዓቱ ስለ አለቀ፣ ዛሬ በተሰጠን ጊዜ ዘፈን ያለበት ቴአትር ከየት እንደ መጣና ሕዝብ ስለ ምን እንደሚወደው በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ግን የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ። አምና ያሳየነው ተውኔት አንድም ዘፈን አልነበረበትም። ስለ ሥልጣኔና ስለ ኋላ ቀርነት ረጃጅም ንግግር ጽፈን፣ ለወራት አጥንተን አቀረብነው። መምህራኖቻችን አጨበጨቡልን፤ እኛም ኮራን። ከአዳራሹ በስተኋላ ቆመው ይመለከቱ የነበሩት የወጥ ቤት ሠራተኞችና ዘበኞች ግን ሁለተኛው ክፍል ሳይጀመር አንድ በአንድ ወጥተው አለቁ። በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ከወጥ ቤቱ እናቶች አንዷን እንዴት እንዳዩት ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ ደግ ነገር ስትናገሩ እንዳመሻችሁ ዐይቻለሁ፤ ነገር ግን አንዱም ከእኔ ጋር ቤት አልገባም» አሉን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይከነክነናል። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ ለእኒህ እናት መልስ ለመፈለግ ነው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በለንደን የታላላቆች መመኪያ የኢጣልያ ኦፔራ ነበር። የሚዘፈነው በኢጣልያንኛ፣ የሚተረከውም ስለ ጥንት ነገሥታትና ጀግኖች ስለ ነበረ፣ የመንገድ ሰው ቢገባ እንኳ የሚሰማው ድምፁን እንጂ ነገሩን አልነበረም። በ1728 ጆን ጌይ የተባለ ባለቅኔ «የለማኙ ኦፔራ» የሚል ሥራ አቀረበ። በዚህ ተውኔት ንጉሥ የለም፤ ያሉት ቀማኛ፣ የሌባ ተቀባይና የወህኒ ቤት ጠባቂ ናቸው። ዜማውንም አብዛኛውን ሕዝቡ በየመንገዱ ከሚያንጐራጕረው ወስዶ ቃሉን ብቻ ለወጠው። ተመልካቹ ዜማውን ከቤቱ ይዞት መጥቶ ነበርና፣ ሲመለስ አዲሱን ቃል ጨምሮ ተመለሰ። ቃሉም የዋዛ አልነበረም፤ በሌሊት የሚሰርቀውና በቀን የሚገዛው ሰው በጠባይ እንደማይለያዩ የሚናገር ሲሆን፣ የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ዋልፖል እንደ ተነኩበት ሁሉም ዐወቀ። ተውኔቱ በመጀመሪያው የትርኢት ወራት 62 ጊዜ ታየ፤ ይህም በዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ነበር። ጌይ ቀጥሎ የጻፈው «ፖሊ» ግን ከመድረክ ታገደ። ዘፈን ያለበት ቴአትር ባዶ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለ ሥልጣኖቹን ምን አስፈራቸው?

እርግጥ ነው፣ ባዶ ጨዋታም አለ፤ ይህን አንክድም። በ1866 በኒው ዮርክ «ብላክ ክሩክ» የተባለ ትርኢት ወጥቶ 474 ጊዜ ታይቷል። ከአምስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሲሆን፣ ሕዝቡን የሳበው የመድረኩ ጌጥ፣ የመሣሪያው ብልሃትና የሴቶቹ ጭፈራ ነበር። ታሪኩና ዘፈኑ ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ አንዱን ዘፈን አውጥተው ሌላ ቢያስገቡበት የሚጐድል ነገር አልነበረም። ከዚያም በኋላ የአሜሪካ ሙዚቃዊ ቴአትር ለብዙ ዓመታት አብዛኛውን በዚሁ መንገድ ሄደ። ጓደኞቻችን የሚነቅፉት ይህን ዓይነቱን ከሆነ እኛም አብረን እንነቅፋለን።

መንገዱ የተለወጠው በ1927 መጨረሻ ጀሮም ከርንና ኦስካር ሐመርስታይን «ሾው ቦት»ን ባቀረቡ ጊዜ ነው። ነገሩ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ እየዞረች ትርኢት የምታሳይ የአንዲት መርከብ ሰዎች ታሪክ ነው። መጋረጃው ሲከፈት በቅድሚያ የሚታዩት ጥጥ የሚሸከሙ ጥቁር ሠራተኞች ናቸው። ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክለው ሕግ አንዲቱን ዘፋኝ ከነባሏ ከመርከቧ ሲያስወጣ ተመልካቹ በዐይኑ ያያል። ለመዝናናት የገባው ሰው የአገሩን በደል ተሸክሞ ወጣ።

እኒሁ ሐመርስታይን ከሪቻርድ ሮጀርስ ጋር ሆነው በ1943 «ኦክላሆማ»ን አወጡ። እዚህ ደግሞ መጋረጃው ሲከፈት አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ተቀምጠው ሲንጡ ይታያሉ፤ ከመድረኩ በስተኋላ የአንድ ከብት ጠባቂ ዘፈን ይሰማል፤ ይኸው ነው። ጌጡ ሁሉ ቀርቶ ታሪኩ ተጀመረ። ዘፈኑም ጭፈራውም የታሪኩ ክፍል ስለ ሆነ፣ ከመካከሉ አንዱ ቢወጣ ታሪኩ ይሰበራል። ይህ ሥራ 2,212 ጊዜ ታይቷል።

«ነገር ግን በእውነተኛው ኑሮ በንግግር መካከል ተነሥቶ የሚዘፍን ማን ነው?» የሚሉን አሉ። ይህን ፈረንጅ ቢጠይቀን አይገርመንም፤ የእኛ ሰው ሲጠይቀን ግን እንገረማለን። በለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟቹን ሙያ የምታወርደው በግጥምና በዜማ አይደለም ወይ? ዘማቹስ ልቡ ሲሞላ ይፎክራል፣ ያቅራራል እንጂ መቼ ንግግር ያደርጋል? ገበሬው በበሬዎቹ ኋላ ሆኖ ብሶቱን ያንጐራጕራል። ሰው ፊት ለፊት ሊናገረው የማይደፍረውንም አዝማሪው በማሲንቆው ጌታው ፊት ይናገረዋል። ቃል ሲያጥረው ሰው ወደ ዜማ ይሄዳል። ሮጀርስና ሐመርስታይን በመድረክ ላይ ያጸኑት ሕግ ይኸው ሲሆን፣ እኛ ይህን ሕግ ከእናቶቻችን ጀርባ ላይ ሆነን የሰማነው ነው።

ታላላቅ ጸሐፊዎችም ቢሆኑ ዘፈንን የሚፈሩ አሉ። በርናርድ ሾው «ፒግማልዮን» የተባለው ተውኔታቸው ወደ ሙዚቃዊ ቴአትር እንዲለወጥ በሕይወታቸው ሳሉ አልፈቀዱም። በ1950 ከሞቱ በኋላ ግን በ1956 «ማይ ፌር ሌዲ» ተብሎ ወጣና በኒው ዮርክ 2,717 ጊዜ ታየ። ይሁን እንጂ የሾው ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ ልጅቱ ራሷን ችላ መሄዷ ለሳቸው ትልቅ ነገር ሲሆን፣ ሙዚቃዊው ቴአትር ግን በመጨረሻ ወደ ሰውዬው ይመልሳታል። ዘፈን ሕዝብን የማቅረቡን ያህል እውነቱንም ሊያጣፍጠው ይችላል። ስለዚህ መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበን ምሳሌ ከራሳችን ከአፍሪካ የተገኘ ነው። በ1959 በጆሃንስበርግ ከተማ «ኪንግ ኮንግ» የተባለ ሙዚቃዊ ቴአትር ታየ። ዜማውን የደረሰው ቶድ ማትሺኪዛ፣ ተዋንያኑም ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ። ታሪኩ ሕዝቡ የሚያውቀው የቦክሰኛው የኢዝቅኤል ድላሚኒ ታሪክ ነው፤ ይህ ሰው ወዳጁን በመግደሉ ተፈርዶበት በ1957 በእስር ላይ ሳለ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ይህን ተውኔት በመጀመሪያ ያስተናገደው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ አዳራሽ ነው። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁርና ነጭ ተመልካች ሊገቡባቸው ከሚችሉት ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ እሱ ነበርና። በዚያ መድረክ የዘፈነችው ሚርያም ማኬባ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ ለአፍሪካ መሪዎች ዘፍናለች። የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ለዘፈን በሩን ቢከፍት ክብሩ እንደማይጐድል ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን?

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1935 የኢጣልያ ወረራ በተቃረበ ጊዜ ሕዝቡን ለማነሣሣት ሲቋቋም፣ ከንግግሩ ጋር ዘፈን ይዞ ተነሣ። ዮፍታሔ ንጉሤም ከቅኔ ቤት ያገኙትን ሙያ ወደ መድረክ አምጥተው በተውኔቶቻቸው ውስጥ መዝሙር አስገብተዋል። ከነጻነት በኋላም በሀገር ፍቅር መድረክ ተውኔትና ሙዚቃ ጐን ለጐን ኖረዋል። እኛ የምንመኘው ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ፣ ጐን ለጐን የኖሩት ሁለቱ በአንድ ታሪክ ውስጥ ሲጋቡ ማየት ነው።

ስለዚህ ለቴአትር ክፍላችን የምናቀርበው አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዘፈኑ የሚገባው ንግግሩ በሚያጥርበት ሥፍራ ብቻ ይሁን፤ ቢወጣ የማያጐድል ከሆነ እኛው ራሳችን እናወጣዋለን። ሁለተኛ፣ ዜማው ሕዝቡ ከሚያውቀው ይነሣ፤ ቃሉ ግን የዛሬውን ችግር የሚናገር አዲስ ይሁን። ሦስተኛ፣ የወጥ ቤት እናቶቻችንና ዘበኞቻችን ከበስተኋላ አይቁሙ፤ በፊተኛው ረድፍ ወንበር ይያዝላቸው።

ትርኢቱ ባለቀ ማግሥት እኒያን እናት በምሳ ሰዓት እንደገና እንጠይቃቸዋለን። ወጥ ሲጨልፉ አንድ ስንኝ ሲያንጐራጕሩ ከሰማን፣ ክርክሩ ያን ጊዜ ይዘጋ። ዝም ካሉ ግን ተረትተናል ብለን በዚሁ መድረክ ላይ ቆመን እንናገራለን።