ምንባቡ የት አለ? የእንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት ልምምድና የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና
(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የመረጥሁት ርእስ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ያነሰ ሊመስል እንደሚችል አልዘነጋሁም። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለብሔራዊ ፈተና ሲዘጋጅ የእንግሊዝኛ ምንባብን እንዴት ይለማመድ የሚል ነው። ነገር ግን ከእናንተ አብዛኞቻችሁ በዚያ በር አልፋችሁ ነው እዚህ የተቀመጣችሁት፤ እኔም ወደዚህ ተቋም ከመምጣቴ በፊት ለብዙ ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም የፈተና ዝግጅት ቱቶሪያል እሰጥ ነበር። ዛሬ የምናገረው በአመዛኙ በእነዚያ ቅዳሜዎች የሠራሁትን ስሕተት ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ለተማሪዎቼ የልምምድ ጥያቄ አባዝቼ አደልኋቸው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ የመጀመሪያውን ገጽ ዘልሎት ኖሮ ምንባቡ አልነበረም፤ የነበሩት ጥያቄዎቹና ምርጫዎቹ ብቻ ናቸው። እኔም አላስተዋልሁም። ተማሪዎቹ ግን አቀርቅረው ይሠሩ ጀመር። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ምንባቡ የት አለ?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። የሳቁት በእኔ ሳይሆን በእርሷ ነበር፤ ያለ ምንባቡም መሥራት እንደሚቻል እንዴት አታውቅም ብለው ነው። ወረቀቱን ሰብስቤ ሳርመው ብዙዎቹ ከግማሽ በላይ አግኝተዋል። ዝቅተኛው ውጤት የእርሷ ነበር፤ ያላነበበችውን ነገር አልመልስም ብላ ባዶውን ትታዋለችና። እኔም ያንን ውጤት መዝግቤዋለሁ።

ያንን ወረቀት ባስታወስሁ ቁጥር የሚያሳፍረኝ ልጆቹ ያለ ምንባብ የመለሱት ከየትም አምጥተው አለመሆኑ ነው። ያስተማርኋቸውን ነው የሠሩት። «መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቡ፤ ከጥያቄው ውስጥ ዋና ቃል ምረጡ፤ ያንን ቃል በምንባቡ ውስጥ ፈልጉ፤ ካገኛችሁት በኋላ ከጎኑ ያለውን ምርጫ ክበቡ፤ ‹ሁልጊዜ› እና ‹ፈጽሞ› የሚሉ ምርጫዎችን ጣሉ፤ ረጅሙ ምርጫ ብዙውን ጊዜ መልስ ነው።» እነዚህን ምክሮች ከእኔ በፊት የነበሩ መምህራን ነግረውኛል፤ እኔም ሳልመረምር አስተላልፌአለሁ። አንዳንዶቹ በአንዳንድ ጥያቄ ላይ ይሠራሉ። በደንብ ያልተዘጋጀ ጥያቄ ምንባቡ ሳይነበብ በግምት ሊመለስ እንደሚችል የፈተና ባለሙያዎች ዘወትር የሚያስጠነቅቁት ነገር ነው። በደንብ የተዘጋጀው ጥያቄ ግን የተሠራው በዚህ መንገድ የሚሄደውን ሰው እንዲያስት ተደርጎ ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ለክፍል ውስጥ ልምምድ ራሴ የጻፍሁት ምንባብ ነው። ስለ አንዲት ከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ይናገራል። በውስጡ «ፊው ሬዚደንትስ ኦብጀክትድ ቱ ዘ ፕላን» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ቀጥሎም የቧንቧ መስመሩ ካልተቀየረ በቀር ማጠራቀሚያው የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት እንደሚሆን በ«አንለስ» የሚጀምር ሐረግ ያስረዳል። ጥያቄው በምንባቡ መሠረት የትኛው እውነት እንደሆነ ይጠይቃል። ከምርጫዎቹ አንዱ «የከተማዋ ነዋሪዎች ዕቅዱን ተቃወሙ» ይላል፤ ሌላው «ማጠራቀሚያው የውኃውን ችግር ይፈታል» ይላል፤ ትክክለኛው «ቧንቧዎቹ መቀየር አለባቸው» የሚለው ሲሆን «ቧንቧ» የሚለውን ቃል ሳይጠቅስ «ያረጀው መስመር» ብሎ በሌላ አነጋገር አስቀምጦታል። ቃል አዳኙ ተማሪ «ነዋሪዎች» እና «ተቃወሙ» የሚሉትን ጎን ለጎን ሲያገኝ ደስ ብሎት የመጀመሪያውን ይከባል። «ፊው» ብቻውን ሲቆም «እምብዛም የለም» ማለት እንደሆነ፣ ከፊቱ «ኤ» ሲጨመርበት ደግሞ «ጥቂት አለ» ወደ ማለት እንደሚዞር አላስተዋለም። የአንዲት ፊደል ጉዳይ ናት፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን ትገለብጠዋለች።

በአማርኛ አሉታ አይደበቅም። «አልተቃወሙም» ስንል «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ ግሡን ይዘውታል፤ የሚያመልጠን የለም። እንግሊዝኛ ግን አሉታውን እንደ «ሃርድሊ»፣ «ሊትል»፣ «ፌይል ቱ» ባሉ ቃላት ውስጥ ይሸሽገዋል። እንዲሁም አማርኛ «ትናንት ከጎንደር የመጣው ሰው» ሲል ገላጩን አስቀድሞ ስሙን በመጨረሻ ያመጣል፤ ግሥም ማሰሪያ ነውና ከሁሉም ኋላ ይቆማል። እንግሊዝኛ ስሙን አስቀድሞ ገላጩን ከኋላው ይጎትታል። በዚህ ምክንያት ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ተማሪያችን ባለቤቱንና ግሡን መለየት ያቅተዋል፤ ለግሡ ቅርብ የሆነውን ስም ባለቤት ያደርገዋል። «ኢት»፣ «ዚስ»፣ «ዘ ላተር» የሚሉት ምትክ ቃላትም እንዲሁ ናቸው። የአማርኛ ግሥ ጾታንና ቁጥርን ስለሚናገር ማን እንደሠራ ከግሡ እናውቃለን፤ «ዚስ» ግን ከበፊቱ ያለውን አንድ ስም ሳይሆን አንቀጹን በሙሉ ሊያመለክት ይችላል። የፈተና አውጪው ጥያቄ የሚወጣው በአብዛኛው ከእነዚህ ማጠፊያዎች ላይ ነው።

እዚህ ላይ የኛን የቆየ ልማድ ባነሣ አግባብ ይመስለኛል። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ዳዊት ሲደግም የሚያነበው የአፍ መፍቻው ባልሆነ ቋንቋ፣ በግእዝ ነው። ንባብ ቤት የሚማረው ድምፁን፣ መውደቂያውንና መነሻውን ነው፤ ትርጉሙን ገና አይጠየቅም። የቃሉ ምሥጢር የሚፈታው በቅኔ ቤትና በትርጓሜ ቤት ነው። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ቃል አንሥቶ ማን ለማን፣ ስለ ምን ተናገረው እያለ ይፈታል፤ ሁለተኛ ትርጓሜ ሲያመጣ «አንድም» ይላል። ሊቃውንቱ ንባብን ከትርጓሜ የለዩት አውቀው ነው፤ አንዱ ሌላውን እንደማይተካም ያውቃሉ። እኛ የእንግሊዝኛ መምህራን ያደረግነው ግን ተማሪውን ተራ በተራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያስነብቡ ውሎ፣ ከንባብ ቤት ወደ ትርጓሜ ቤት ሳያሻግሩ፣ በቀጥታ ፈተና ላይ ማስቀመጥ ነው።

ውጤቱ በአደባባይ የታየ ነው። የ2014 የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ትምህርት ሚኒስቴር አስታወቀ። የአቅም ማሻሻያ ትምህርትም የመጣው ይህንኑ ተከትሎ ነው። የውጤቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ጦርነቱ፣ የኮቪድ ወረርሽኝ፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ ቀድሞ የተለመደው ኩረጃ ሁሉም አለበት። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ምንባብ ላይ መጫን አልፈልግም። ሆኖም የፊዚክሱም፣ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም ፈተና የሚቀርበው በእንግሊዝኛ መሆኑን እናስታውስ። ጥያቄውን በትክክል ያላነበበ ተማሪ ያወቀውን ፊዚክስም ማሳየት አይችልም።

የቋንቋ ፈተና አጥኚው ቻርልስ አልደርሰን እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ የታወቀ ጥያቄ አቅርቦ ነበር፤ በባዕድ ቋንቋ ማንበብ የተቸገረ ሰው ችግሩ የንባብ ነው ወይስ የቋንቋ? መልሱ ሁለቱም ነው፤ ነገር ግን ቋንቋው ከአንድ ደረጃ በታች ሲሆን የንባብ ስልት ብዙም አያድንም። ይህ ለእኛ የቃላት ጉዳይ ነው። ሁና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢ ያለ እርዳታ አንድን ጽሑፍ በሚገባ እንዲረዳ ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። ይህን ወደ 400 ቃላት ምንባብ እንመንዝረው። 98 በመቶ ማለት የማይታወቁ 8 ቃላት ናቸው፤ ከዐውዱ እየገመቱ ማለፍ ይቻላል። 90 በመቶ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ግን 40 የማይታወቁ ቃላት ይጋፈጣል፤ በየመስመሩ አንድ ማለት ይቻላል። ለዚህ ልጅ «ከዐውዱ ገምት» ማለት ዐውዱ ራሱ የተቀደደበትን ሰው መቀለድ ነው።

ታዲያ የቃላት ዝርዝር ይሸምድድ? ብዙዎቹ ይሸመድዳሉ፤ «አባንደን» ብለው ከ«ኤ» ይጀምራሉ፤ «ቢ» ሳይደርሱ ፈተናው ይደርሳል። ዝርዝር የራሱ ጥቅም አለው። ሆኖም ቃል በዝርዝር ውስጥ አንድ ፊት ብቻ ነው የሚያሳየው። «አድሬስ» አድራሻ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ ምንባቡ ውስጥ መንግሥት አንድን ችግር «አድሬስ» አደረገ ሲባል ግን ችግሩን መፍትሔ ሊሰጠው አነሣው ማለት ነው። ማይክል ዌስት የተባለው የቋንቋ መምህር ከመቶ ዓመት በፊት በዳካ ከተማ የቤንጋል ልጆችን ችግር ሲያጠና ያመጣው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ በተደጋጋሚ በሚያገለግሉ ጥቂት ቃላት የተጻፉ መጻሕፍትን አዘጋጅቶ በብዛት ማስነበብ። እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ዝርዝርም ወደ 2,000 የሚጠጉ ቃላት የያዘ ነው። ቃሉ በልዩ ልዩ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ደጋግሞ ሲመጣ ነው ከልብ የሚገባው።

«እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ በየወረዳው ስዞር መምህራን ይህንኑ ይጠይቁኛል። ቤተ መጻሕፍት የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ነገር ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ተማሪው የሚማርባቸው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በክፍል ውስጥ የምናደርገው ምንድን ነው? መምህሩ ትምህርቱን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያስረዳል፤ ከዚያ በሰሌዳ ላይ ሾርት ኖት ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ መጽሐፉ ሳይገለጥ ዓመቱ ያልቃል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዶ በየቀኑ ሦስት ገጽ ቢያነብ፣ ይዘቱን ቀድሞ ስለሚያውቀው የማይታወቁት ቃላት ይቀንሱለታል። ያወቀው ይዘት ቋንቋውን ይሸከምለታል። የ12ኛውን ሳይሆን የ9ኛውን እላለሁ፤ ይህን ስናገር የሚያፍሩ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ ማፈሩ ግን ምንም አይጠቅማቸውም።

የፈተና ወረቀቱን በተመለከተ ደግሞ ይህን አደርጋለሁ። አንድን ያለፈ ዓመት ምንባብ በሃያ ደቂቃ ሠርተን መልሱን ነግሬ ወደ ሌላው አልሄድም፤ ሦስት ቀን እንቆይበታለን። በመጀመሪያው ቀን ጥያቄዎቹን አልሰጥም። ተማሪው እያንዳንዱን አንቀጽ አንብቦ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ የሚያስገድዱ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ አልስማማም፤ በእንግሊዝኛ የጻፈ ተማሪ ያልገባውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጦ ሊያመልጥ ይችላል፤ በአማርኛ ግን መደበቂያ የለውም። በሁለተኛው ቀን እርሳስ ይዘን ከእያንዳንዱ «ኢት» እና «ዚስ» ወደሚያመለክተው ነገር ቀስት እንስላለን፤ «ሃውኤቨር»ን፣ «አንለስ»ን፣ «ኦልዞው»ን እናከብባለን። ወረቀቱ በቀስት ይሞላል፤ ክርክርም ይነሣል፤ ክርክሩ ነው ትምህርቱ። ጥያቄዎቹ የሚመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ትክክለኛውን መክበብ አይበቃም፤ የተቀሩት ሦስቱ ምርጫዎች እያንዳንዳቸው በየትኛው መስመር እንደወደቁ ተማሪው ማሳየት አለበት።

የተሳሳተውንም በደብተር ያስቀምጣል። ቃሉን ስላላወቀ ነው? የዓረፍተ ነገሩ አወቃቀር ስለጠፋበት ነው? ጥያቄውን በጥድፊያ ስላነበበ ነው? ወይስ ከምንባቡ ሳይሆን ከራሱ እውቀት ስለመለሰ? ይህ የመጨረሻው ጎበዞቹን የሚጥል ነው። ስለ ቡና ወይም ስለ ወባ የሚናገር ምንባብ ሲመጣ የሚያውቁትን ይመልሳሉ፤ ምንባቡ ግን ሌላ ነገር ብሎ ሊሆን ይችላል። አንድ ወር ያህል የተያዘ ደብተር ሲታይ የእያንዳንዱ ተማሪ ስሕተት የተለያየ መሆኑ ይታያል፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምክር መስጠቴ ምን ያህል ከንቱ እንደነበር የተረዳሁት ከዚያ ነው።

በሰዓት መለማመድን አልቃወምም፤ ፈተናው በሰዓት ነው። ነገር ግን ሰዓቱ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። በዝግታ ያልገባ ነገር በፍጥነት አይገባም። ሁለት ወር ብቻ የቀረው ተማሪ ቢጠይቀኝስ? አሥራ አምስት ምንባብ በጥድፊያ ከሚሠራ ስድስቱን በዚህ መንገድ እንዲሠራ፣ ባዮሎጂውንም ማታ ማታ እንዲያነብ እነግረዋለሁ። ሁሉንም ክፍተት እሞላልሃለሁ ብዬ አልዋሸውም።

ያቺን ልጅ በኋላ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አገኘኋት። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች። ያንን ቅዳሜ አንሥቼ ይቅርታ ስጠይቃት አላስታወሰችውም፤ ይልቁንም መምህሯ የሰጣቸውን የሁለት ገጽ ሃንድአውት ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያለውን «ዚስ» ምን እንደሚያመለክት ጠየቀችኝ። ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆመን እያነበብን ወደ ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከርን። እርሷ ያለችው ትክክል ነበር።

ሃንድአውቱን በእርሷ ፈቃድ አባዝቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ በመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለቱም ገጾች መኖራቸውን በዚህ ጊዜ አረጋግጫለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።