ለመኪናችሁ የሚስማማውን ዕቃ ስለ መግዛት
ለአዛውንት ነዋሪዎች በማትናስ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናወራው ስለ መኪና ነው። «ሬቫሓ ስለ መኪና ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት ከቢቱዋኽ ሌኡሚ በምታገኙት ቂጽባ ነው። ያቺ አሮጌ መኪና ደግሞ ወደ ኩፓት ሖሊም፣ ወደ ልጆቻችሁ ቤት፣ ወደ ሰርጉም ወደ ለቅሶውም የምታደርሳችሁ እግራችሁ ናት። የማይገጥም ዕቃ ገዝቶ ገንዘብ ማጣት አንድ ጉዳት ነው። ክሪክ ተንሸራቶ መኪና በሰው ላይ ሲወርድ ግን ሌላ ነው፤ ያንን ገንዘብ አይመልሰውም።

አንዳንዶቻችሁ በጎንደር መንደሮች ወናፍ ሲነፋ፣ ብረት ሲቀጠቀጥ እያያችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። ማረሻው አልገጥም ካለ ቀጥቃጩ እንደገና እሳት ውስጥ አስገብቶ ያስተካክለው ነበር። የመኪና ዕቃ እንዲህ አይደለም። ፋብሪካው ቆርጦ ጨርሶታል፤ ወይ ይገጥማል ወይ አይገጥምም። በጉልበት ላስገባው ያለ ሰው አዲሱንም አሮጌውንም ይሰብራል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከመፍቻ ሳይሆን ከወረቀት ነው። ወደ ሐኑት ሐላፊም ስትሄዱ ሪሽዮን ሬኸቩን ያዙ። የመኪናው ዓይነትና ስም ብቻ አይበቃም፤ አንድ ስም ያላቸው፣ በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት መኪናዎች የተለያየ ሞተር ሊኖራቸው ይችላል። ሻጩ እርግጠኛ የሚሆነው በሚስፓር ሺልዳ ነው። ይህ ቁጥር ፊደልና አኃዝ ተቀላቅለውበት 17 ምልክት አለው፤ በሪሽዮኑ ላይ ተጽፏል፣ በብዙ መኪናዎችም ከፊት መስታወት ሥር ይታያል። በስልክ ስታነቡት አንድ ነገር አስታውሱ፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ክብ ምልክት ካያችሁ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ዓይናችሁ ከደከመ የልጅ ልጃችሁ በስልኩ ፎቶ ያንሳላችሁ፤ ፎቶውን ለሻጩ ማሳየት ይበቃል።

ከተቻለ አሮጌውን ዕቃም ፈትታችሁ ውሰዱ። ዕብራይስጥ አጥርቶ ለማይናገር ሰው ከዚህ የተሻለ አስተርጓሚ የለም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡትና «ዜ ማትኢም ላሬኸቭ ሼሊ?» በሉ፤ ይህ ለመኪናዬ ይስማማል ወይ ማለት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ «ኤፍሻር ለሀሕዚር ኢም ሎ ማትኢም?» በሉ፤ ካልተስማማ መመለስ ይቻላል ወይ ማለት ነው። ካባላውን ተቀበሉ፤ ዕቃው መግጠሙን እስክታዩም ካርቶኑን አትቅደዱት። «መቆሪ» ካላችሁ የፋብሪካው የራሱ ዕቃ ነው፤ «ታሕሊፊ» ካላችሁ ሌላ ድርጅት የሠራው ምትክ ነው። ምትክ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ለማጋቪምና ለአየር ፍልትሮ እኔ ብሆን በእጥፍ ዋጋ መቆሪ አልገዛም።

አሁን ባትሪውን፣ ማጽቤሩን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። መኪናዎቻችን የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ «12 ቮልት ስጠኝ» ብሎ መግዛት ግን አያዋጣም። በአሮጌው ላይ የተጻፈውን አምፔር ሰዓት፣ ለምሳሌ 60 ወይም 70፣ ተመልከቱ። ርዝመቱንና ቁመቱን ለኩ። ፕላሱ በቀኝ ነው ወይስ በግራ? ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ጎኑ ከተገላበጠ ሽቦው አይደርስም። መብራት ላይ ስትቆሙ ሞተሩ በራሱ የሚጠፋ መኪና ከሆነ ለእሱ የተሠራ የተለየ ባትሪ ያስፈልገዋል፤ በአንዳንዶቹም አዲሱን ባትሪ በኮምፒውተር ማስመዝገብ ስላለ ለሐሽማላይ ሬኸቭ ተዉት።

ለመፍታት የሚያስፈልጋችሁ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር ቁልፍ ነው (በየቤቱ የሚጠፋውም እሱ ነው)። እያሰፉና እያጠበቡ የሚሠሩበትን ቁልፍ ተዉት፤ የዳዶውን ጠርዝ ይበላዋል። ሞተሩን አጥፉ፣ መነጽርና ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ ማይነሱን ፍቱ፣ ቀጥሎ ፕላሱን። ስትገጥሙ በተቃራኒው ነው፤ ፕላስ ይቀድማል፣ ማይነስ ይከተላል። ለምን? ማይነሱ ከመኪናው ብረት ጋር የተያያዘ ነው። ማይነሱን ሳትፈቱ ፕላሱን ስትፈቱ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል። ባትሪው ከባድ ነው፤ ወገባችሁ የሚያማችሁ ሰዎች ሰው ጥሩ። በውስጡ አሲድ አለ፤ ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ 101 ደውሉ። አሮጌውን ባትሪ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፤ ለገዛችሁበት ሱቅ መልሱት።

ማጋቪም ቀላል ነው። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ጎማውን ስለሚያደርቀው፣ ዮሬ ሳይጥል ለውጡት። የሾፌሩና የጎኑ ርዝመት ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ሁለቱንም ለኩ። ስትፈቱ መስታወቱ ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፉ፤ ባዶው ክንድ አምልጦ ከወደቀ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

አምፖልም እንዲሁ ቁጥሩ ራሱ ላይ ተጽፏል፤ ለምሳሌ ኤች 7፣ 55 ዋት። አዲሱን በባዶ እጅ መስታወቱ ላይ አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 በከተሞች መካከል ባሉ መንገዶች ቀንም መብራት ማብራት ግዴታ ስለሆነ፣ የተቃጠለውን ሳትዘገዩ ለውጡት።

ፍሬን፣ መሪና ኤርባግ ግን የቤት ሥራ አይደሉም። እነዚህን ፈቃድ ላለው ሙሳኽ ስጡ። በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪና ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ሽቦ አትንኩ፤ ይገድላል። ክሪክ ጎማ ለመቀየር ብቻ ነው፤ ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር አትግቡ፣ እጃችሁንም አታስገቡ። ደግሞ ዓርብ ከቀትር በኋላ ምንም ነገር መፍታት አትጀምሩ። የጎደለ ነገር ቢኖር ሱቁ ተዘግቷል፣ ሰንበት እየገባ ነው፣ መኪናው እንደ ተፈታ ያድራል።

በስልክ ስለ መግዛትም ልጨምር። ሻጭ ደውሎላችሁ ወይም እናንተ ደውላችሁ ተነጋግራችሁ ዕቃ ካዘዛችሁ፣ በእስራኤል ሕግ ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ ከመጣ 5 ዓመት ያልሞላው ዖሌ ሐዳሽና አካል ጉዳተኛ ዕቃው ከደረሰው በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ግዢውን መሰረዝ ይችላል። ለሌላው ሰው 14 ቀን ነው። የመሰረዣ ክፍያው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቄል ነው፤ ከሁለቱ አነስተኛው። ስትሰርዙ በጽሑፍ አድርጉት፣ ቅጂውን አስቀሩ። «ጊዜው አልፏል» የሚል መልስ ካገኛችሁ ደብዳቤውንና ካባላውን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ።

አሁን ሪሽዮናችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ ቅረቡ። የሺልዳውን ቁጥር አብረን እናነባለን፤ በትልልቅ ፊደል ካርቶን ላይ ጽፈን በኪሳችሁ እንድትይዙት እንሰጣችኋለን።